የቬቲቨር ሣር ችግኝ ከነተከላው፦ ከሁለት ክረምት በኋላ

መጀመሪያ ደረሰኙን ላስቀምጥ። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ሒሳብ ስይዝ ስለኖርኩ ወሬ የምጀምረው ከቁጥር ነው። 840 የቬቲቨር ሣር ግንጣይ (ከነሥሩ ተገንጥሎ የሚተከል እግር)፣ አንዱ በ8 ብር፣ 6,720 ብር። አራት ወጣቶች ሁለት ቀን ሲተክሉ፣ የአንዱ የቀን ውሎ 600 ብር፣ 4,800 ብር። ችግኙን ጭና ላመጣች ዳማስ 1,200 ብር። ድምር 12,720 ብር። የቤት ማኅበራችን 24 ቤት ነው፣ ለየቤቱ 530 ብር ደረሰ። ከዚያ በፊት እዚያው ቦታ ላይ ያስገነባነው የድንጋይ ድጋፍ ግንብ 310,000 ብር በልቶ ሁለተኛ ክረምቱን እንኳ አልጨረሰም።

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን ከሌላ ሰፈር ሦስት ሰዎች መጥተው፣ የጅረት ዳርቻችን እንዳይሸረሸር የተከልነውን ሣር ሲያዩ «እውነት ይሠራል ወይ?» ብለው ስለጠየቁኝ ነው። ይሠራል። የት ላይ እንደማይሠራ ሳታውቁ ከተከላችሁት ግን ገንዘባችሁን ውሃ ይወስደዋል፤ ውሃ ስል ደግሞ ለወግ አይደለም፣ የራሴን ስድስት ሜትር ወስዶታል።

ያለነው በአዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከአያት አለፍ ብሎ ነው። ከግቢያችን በታች አንዲት ጅረት ታልፋለች። ስም የላትም፣ ወይም ያላትን ስም የሚያውቁት ሰዎች ከኛ በፊት ሄደዋል፤ እኛ «ጅረቷ» ነው የምንላት። ወርዳ ወርዳ ትልቁ አቃቂ ትገባለች። በ1998 ዓ.ም. ቤት ሠርተን ስንገባ በላይ በኩል ሰፊ ጨፌ ነበር። በበጋም እግር ያርሳል። ለቀዳም ሥዑር ልጆቼ እዚያ ወርደው ቄጠማ በእቅፍ አጭደው ያመጡ ነበር፤ ግማሹን ለራስ እናስረዋለን፣ የተረፈውን ለቡና እንጎዘጉዘዋለን። ማታ የእንቁራሪቱ ጩኸት ቴሌቪዥን ያስጨምራል። ባለቤቴ በዚህ ሲያማርር የኖረ ሰው ነው። ዝም ካሉ በኋላ እሱው ነው ቀድሞ «ምን ሆኑ?» ያለው።

የሆኑትማ ግልጽ ነው። ከጨፌው በላይ አፓርታማ ተጀመረ። የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ጉዳዬም እሱ አይደለም። የኛ አካባቢ ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ቤት አይሸከምም። ስለዚህ የሚገነባ ሁሉ ጥቁር አፈሩን ቆርጦ አውጥቶ በቦታው ሰሌክት (ቤት የሚሸከም የተመረጠ አፈር) ይሞላል። የወጣው አፈር የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የሲኖው፣ የገልባጭ መኪናው ሾፌር የሚከፈለው በምልልስ ነው፣ የተፈቀደው መድፊያ ሩቅ ነው፣ ጨፌው ደግሞ ቅርብ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ሲገለብጡ ድምፁን ከአልጋችን ሆነን እንሰማ ነበር። አመለከትን። ደብዳቤያችን ገቢ ሆነ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ቁጥሩ እስካሁን እጄ ላይ አለ። በሁለት በጋ ጨፌው ሜዳ ሆነ፤ ቀጥሎ ሜዳው አጥር ወጣለት።

ጨፌ ምን ይሠራ እንደነበር የገባኝ ከሞተ በኋላ ነው። ዝናቡን እንደ ድርቆሽ ይጠጣውና ቀስ እያለ እስከ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ለጅረቷ ይለቅላታል። ጭቃውን ደግሞ ቄጠማው ሥር ያስቀረዋል። ያ ሲደፈን ውሃው የሚያርፍበት አጣ፤ ዝናብ በጣለ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና የመሰለ ጎርፍ ይወርዳል፣ በማግስቱ ጅረቷ ክር ትሆናለች። ዳርቻዋም ወደኛ መብላት ጀመረ። በ2013 ክረምት የአንድ ጎረቤታችን የቆርቆሮ አጥር አራት ቋሚ ይዞ ገባ።

ግንቡን የሠራነው በ2014 ሚያዝያ ነው። ኮንትራክተሩን ስም አልጠራም፤ እኛም ርካሽ የሆነውን መርጠን ነው። ጥቁር አፈር ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ግንብ ይገፋል፤ ከኋላው የታቆረው ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ጉልበቱ እጥፍ ነው። ሰውየው ለውሃ ማስወጫ አንድ ቱቦ እንኳ አላሳለፈበትም። በ2015 ነሐሴ መሐሉ ላይ ሆድ አወጣ፣ ጠዋት ስንነሳ ጅረቷ ውስጥ ተኝቷል። 310,000 ብር።

ሣሩን ያመጡልን ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ችግኝ የሚያፈሉ ወጣቶች ናቸው። የሰማሁት ከባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ሳልሄድ ግን መጀመሪያ ተሞኝቻለሁ። ሌላ ቦታ፣ አበባ ከሚሸጥበት፣ «ቬቲቨር ነው» ተብዬ ሃያ እግር ገዝቼ ነበር። ቤት ስደርስ ቅጠሉን ባሸት ቤቱን አወደው፤ ጠጅ ሣር ነው! ለሻይ ሆኗል። ልዩነቱ ቀላል ነው፦ የቬቲቨር ቅጠል ምንም አይሸትም፣ ሽታ ያለው ሥሩ ላይ ነው። ሌላ ደግሞ ዝሆኔ ሣር ሊሰጧችሁ የሚሞክሩ አሉ። ለከብት ደግ ነው፣ ጅረት ዳር ግን እየተስፋፋ ሄዶ መቼ እንደሚቆም አይታወቅም። ቬቲቨር የሚበቅል ዘር አይጥልም፤ ተገንጥሎ ካልተተከለ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። እኔ እንዲያውም የወደድኩት ለዚህ ነው፣ አጥር የማያልፍ ጎረቤት ማለት ነው።

የወጣቶቹ አለቃ የኢሉባቦር ልጅ ነው። ሣሩ ከሕንድ መጥቶ በ1960ዎቹ በጅማ የቡና ምርምር በኩል አገር እንደገባ፣ አባቱም ከመቱ ወጣ ብሎ ባለው የቡና ማሳቸው ዳር ዳሩን እንደተከሉት ነገረኝ። ከዚያ ቦታውን ሊያይ በነፃ መጣ። አንድ ሰዓት ሙሉ ወጣ ወረደ፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚመጣ ጠየቀ፣ ገመድ ዘረጋ። ሌላ ሻጭ ቢሆን «ስንት ልላክልዎ?» ብሎ ስልኩን ይዘጋ ነበር። ለዚህ ጉብኝት ብቻ አንድ ሙሉ ኮከብ እሰጣለሁ።

አተካከሉ እንዲህ ነው። ዳርቻችን 42 ሜትር ነው። ከጅረቷ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ላይ ሦስት ረድፍ፣ በአንድ ረድፍ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ግንጣይ፣ ስለዚህ በረድፍ 280። ረድፉ ውሃ ልክ ሆኖ ቁልቁለቱን አግድም መቁረጥ አለበት፤ ወደ አንድ በኩል ካዘነበለ ውሃውን ሰብስቦ ወደ አንድ ቦታ ይነዳውና ራሱ ቦይ ይሆናል። ቅጠሉ ከስንዝር ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፣ ሥሩም ይከረከማል። ሣሩ ጥቅጥቅ ሲል ውሃውን አያቆመውም፣ ያዘገየዋል እንጂ፤ ጭቃውም ከኋላው እየተኛ በጊዜ ብዛት ትንሽ እርከን ይሠራል። ሥሩ በቆላና በወይና ደጋ እስከ ሦስትና አራት ሜትር ቁልቁል ይወርዳል ይባላል። የኛ ደጋ ስለሆነ ቀስ ይላል። በአሥራ አምስተኛ ወሩ አንዱን ቆፍሬ አይቼዋለሁ፤ ከመጥረጊያ እንጨት በልጦ አፈሩን እንደ ክር ሰፍቶ ይዞታል፣ ዶማውን አስቸግሮኛል።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። ተከላው ሐምሌ 2016 ነበር፣ እሱ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ቀን ግን ችግኙ ጠዋት ሁለት ሰዓት ደርሶ ተካዮቹ የመጡት አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሥሩ ራቁቱን ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ዋለ። በክረምትም ፀሐይ ፀሐይ ነው። እርጥብ ጆንያ አልብሱት ብዬ የራሴን ሁለት ጆንያ ሰጠሁ፣ ለአንድ ክምር እንኳ አልበቃም። በሦስት ሳምንት ውስጥ 190 ደረቀ፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ሁሉም የመጀመሪያው ቀን ተከላ ነው። ደወልኩ። ልጁ አልተከራከረኝም፣ 190ውንም ተካ። የመኪናውን 800 ብር ግን አስከፈለን። «ማዘር፣ ነዳጁ የኔ አይደለም» አለኝ። ያዘገየውስ ማነው? ብሩ ለአንድ ቤት 33 ብር ከምናምን ነው፣ ነገሩ ብሩ አይደለም። ደግሞም ደረሰኝ ስጠይቅ የደብተር ወረቀት ቀዶ ጻፈልኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ያስጨንቃል፣ ይህንን አስቀድማችሁ እወቁ። እስከ መስቀል ጉልበት አልደረሰም። ጎረቤቶቼ «530 ብራችንን ለሣር» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አንዱ ጋሼ እንዲያውም በጎቻቸውን ለቀቁበት፤ ለጋው ሲሆን በግ ይበላዋል፣ ሲጠና ነው የሚተወው። ልጁ ሲመጣ «ማዘር፣ አሁን ሥሩን ነው የሚሠራው፣ ቅጠሉን አይዩ» አለኝ። በየካቲት አንድ ጊዜ ከጉልበት በታች አጨድነው፣ ከዚያ በኋላ ጎን ጎኑ አበዛ። የታጨደውን ጎዘጎዝነው፤ ከቄጠማ ጋር አይወዳደርም፣ ሻካራ ነው፣ ግን ለቡና አገልግሏል።

ፈተናው የ2017 ክረምት ነበር። ከ42 ሜትሩ 36ቱ ሳይነቃነቅ ቆመ። ስድስቱ ሄደ። የሄደው የአፓርታማው የጎርፍ ቱቦ በሚደፋበት ፊት ለፊት ያለው ነው። ከላይ ሜዳውንም ጣሪያውንም አስፋልቱንም ሰብስበው በአንድ ወፍራም ቱቦ ወደ ጅረቷ አውጥተውታል፤ ዝናብ ሲሆን እንደ እሳት አደጋ መኪና ነው የሚተፋው። ገና ሥር ሳይጠና ይህን የሚችል ሣር የለም። ልጁ ሲያቅድ ቱቦው አልነበረም፣ ስለዚህ በእሱ አልፈርድም። በኋላ የወደቀውን ግንብ ድንጋይ ከጅረቷ አውጥተን ውሃው ወድቆ እንዲሰበር ሲሚንቶ ሳንጠቀም ከቱቦው ሥር ደረደርነው፣ ዙሪያውን 60 ግንጣይ ጨመርንበት። ከ310,000 ብሩ ያተረፍነው ይህንን ድንጋይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በራሴ ሞከርኩ። የለውዝ ቅቤ ብርጭቆዎች አጥቤ፣ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዤ ወርጄ፣ አንዱን ከላይኛው ረድፍ በላይ፣ ሌላውን ከታችኛው ረድፍ በታች ውሃ ሞላሁ። ኩሽና መስኮት ላይ አሳደርኳቸው። በማግስቱ ከላይ የተቀዳው ሦስት ጣት ጭቃ አስቀምጧል፣ ከታች የተቀዳው አንድ ጣት አይሞላም። ሐምሌ ውስጥ አምስት ጊዜ ደገምኩት፤ አራቱ እንደዚያ ነበር፣ አንዱ ቀን ዝናቡ በጣም ከባድ ስለነበር ልዩነቱ ትንሽ ነው። የለውዝ ቅቤ ብርጭቆ ላቦራቶሪ አይደለም። ያ የቀረው ሁለት ጣት ግን አቃቂ አልገባም፤ አቃቂ ከገባ ደግሞ አባ ሳሙኤል ነው የሚያድረው። ያ ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫ ግድቦች አንዱ የሆነው በደለል ምን ያህል እንደተሠቃየ ያየ ሰው ብርጭቆዬ ላይ አይስቅም።

ሣሩ የማያደርገውን ልንገራችሁ፣ ሻጭ አይነግራችሁምና። ሽታ አያጠፋም። ከኛው 24 ቤት አንዱ የሽንት ቤት ፍሳሹን በሌሊት ወደ ዲቹ ይለቅ እንደነበር ያወቅነው ሣሩን ውሃ ልናጠጣ ስንወርድ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም። ጥቁር አፈር ውስጥ የተቆፈረ የፍሳሽ ማስረጊያ ጉድጓድ አይመጥም፤ በክረምት ቶሎ ይሞላል፣ መምጠጫ ቦቴ መጥራት ደግሞ ወረፋውም ዋጋውም ያስመርራል። በኮሚቴ አናገርነው፣ ሁለተኛ ጉድጓድ በሲሚንቶ አስለስኖ ሠራ፣ አሁን ያስመጥጣል። የከተማው የወንዝ ዳርቻና የብክለት ደንብ በ2017 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ቅጣቱ ስለሚያስፈራ ንግግራችን ቀልሎልናል፤ ሌላው ቢቀር «እኔ ልቀጣህ ሳይሆን ሳይመጡብህ» ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የማያደርገው ነገር የውሃውን ብዛት አይቀንስም። ሁልጊዜ ጣታችንን ወደ አፓርታማው ስንቀስር ነበር፣ አንድ ቀን ግን ካልኩሌተሬን አውጥቼ የራሳችንን አሰላሁ። 24 ቤት፣ የአንዱ ጣሪያ በአማካይ 110 ካሬ፣ ጠቅላላ 2,640 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ። በአንድ ከሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 105,600 ሊትር ነው። አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ የውሃ ቦቴ አሥር ተኩል ማለት ነው፣ በአንዴ ጅረቷ ላይ የሚገለበጥ። ይህንን በስብሰባ ላይ ሳነብ ክፍሉ ጸጥ አለ። እንግዲህ እኛም የገነባነው ሜዳ ላይ ነው፣ ከኛ በፊት የነበረ ሰው ስለኛ ምን ይል እንደነበር አላውቅም። ስድስት ቤቶች አምስት ሺህ ሊትር ሮቶ ከአሸንዳቸው ሥር ተከሉ። እኔ አንዷ ነኝ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ልብስ የማጥበው በእሱ ነው፣ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ሣሩን ሳትተክሉም ሮቶውን አስቡበት።

ነጥቤ እንዲህ ነው። ለሣሩ ከአምስት አራት ተኩል፤ ግማሿን የቀነስኩት በደጋ ስለሚዘገይ ነው። ለወጣቶቹ አገልግሎት ሦስት ተኩል፤ የመጀመሪያው ቀን ባይዘገዩና ደረሰኝ ቢኖራቸው አራት ተኩል ይገባቸው ነበር። ለዋጋው አምስት። ጨፌውን ይተካል ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ዜሮ። ሦስት ረድፍ ሣር ያንን ሁሉ ውሃ ጠጥቶ እስከ ታኅሣሥ አያቆይም፣ ጅረቷ አሁንም ከጥቅምት በኋላ ክር ናት። ከላይኛው ረድፍ ኋላ በተኛው ጭቃ ላይ ግን ዘንድሮ ማንም ሳይተክለው የአንድ ምንጣፍ ስፋት ያህል ቄጠማ ወጥቷል። ባለቤቴ ማታ ማታ ወርዶ ጆሮውን ይጥላል። እስካሁን አንድ እንቁራሪት ነው የሰማሁት ይላል፣ እኔ አልሰማሁም።

ልታዙ ካሰባችሁ፦ በግንቦት ደውሉ፣ ሰኔ ላይ ስልክ አያነሱም። ራቁት ሥር ከወሰዳችሁ ተካዩ ቦታው ላይ ሳይደርስ ችግኙ እንዳይጫን ተስማሙ፤ በፕላስቲክ የተፈላው በ14 ብር ነው፣ ለጥቂት ሜትር ከሆነ እሱን ውሰዱ። ከታዘዘው አሥር በመቶ ትርፍ አስቀምጡ፣ ይደርቃል። ቅጠሉን አሽታችሁ ካሸተተ መልሱ። በግ ያላቸውን ጎረቤቶች ቀድማችሁ ቡና ጥሩ። ደረሰኝ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፣ እኔ የደብተር ወረቀቱን ለኦዲት ኮሚቴያችን ለማስረዳት ሁለት ስብሰባ ፈጅቶብኛል።